ካርሉክ፦ መሪ ሁለት ጊዜ የሄደበት ጉዞ

ሴፕቴምበር 20 ቀን 1913 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቪልሃልሙር ስቴፋንሰን የሚባል የጉዞ መሪ በበረዶ ከተያዘችው መርከቡ ወረደ። የወረደው አምስት ሰዎችና አሥራ ሁለት ውሾች ይዞ ነው። ካሪቡ የሚባለውን የሰሜን አጋዘን አድነን በአሥር ቀን ገደማ እንመለሳለን ብሎ ለካፒቴኑ መመሪያ ትቶለታል። ሦስት ቀን ቆይቶ ከባድ አውሎ ነፋስ ተነሳ። መርከቧን ቀርቅሮ የያዘው የበረዶ ሜዳ ከነመርከቧ ተገነጠለና ወደ ምዕራብ መንሳፈፍ ጀመረ። ስቴፋንሰን ከዚያ በኋላ ካርሉክን በዓይኑ አላያትም።

መርከቧ ላይ 25 ሰዎች ቀርተው ነበር። ከዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 14 ብቻ ናቸው።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ አንድ ክፉና አንድ ጀግና ይወጣለታል። ጥሎ የሄደው ስቴፋንሰን ክፉው ነው። ሰዎቹን ለማዳን ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ የኳተነው ካፒቴን ሮበርት ባርትሌት ደግሞ ጀግናው። ጀግንነቱን እኔም አልክድም። ግን ባርትሌትም በተራው ሰዎቹን ደሴት ላይ ትቶ ሄዷል። እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ ሰው መሞት አላቆመም። ሁለቱ አካሄዶች በምን ይለያያሉ? በምንስ ይመሳሰላሉ? ነገሩን ማየት የፈለግሁት በዚህ በኩል ነው።

ገና ከወደቡ

ጉዞው በካናዳ መንግሥት ገንዘብ የተዘጋጀ የአርክቲክ ጥናት ነበር። ስቴፋንሰን ካናዳ የተወለደ የአይስላንድ ስደተኞች ልጅ ሲሆን፣ በሰሜኑ ሕዝቦች ጥናት ያኔውኑ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ከአላስካ በስተሰሜን ማንም ያላየው መሬት ሊኖር ይችላል ብሎ ያምናል። ለዚህ ፍለጋ የገዛት ካርሉክ በ1884 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዓሣ ሥራ ተብላ የተሠራች፣ በኋላ ዓሣ ነባሪ ሲታደንባት የኖረች የእንጨት መርከብ ናት። የተገዛችው በ10,000 ዶላር ነው። የእንፋሎት ሞተሯን የራሷ ኢንጂነር “ቡና ማፍያ” ነበር የሚለው፤ ከሁለት ቀን በላይ ያለማቋረጥ እንዲሠራ የታሰበ አይደለም ባይ ነው።

ባርትሌት የተጠራው መርከቧ ከተገዛች በኋላ ነው። የኒውፋውንድላንድ ሰው፣ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ባሕር ላይ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1908 እና 1909 አሜሪካዊው ሮበርት ፒሪ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲሄድ መርከቡን የመራለት እሱ ነበር። በበረዶ መካከል የሠራ ሰው በመሆኑ ካርሉክ ክረምቱን እዚያ ልታሳልፍ እንደማትችል አይቶ ተናግሯል። ሆኖም ሥራውን ተቀበለ። ይህች ውሳኔ በኋላ ጣጣ አምጥታበታለች።

ጁን 17 ቀን 1913 ከካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ተነሱ። ዝግጅቱ በጥድፊያ የሆነ ነበር። ዕቃው በሦስት መርከቦች ላይ ተዘበራርቆ ተጭኗል። የአንዱ ተመራማሪ መሣሪያ እዚህ ሲሆን፣ ባለሙያው እዚያ ነው። ሳይንቲስቶቹ ስለ ልብሱና ስለ ስንቁ ጠየቁ። ስቴፋንሰን ጥያቄውን እንደ ድፍረት ቆጠረው። ከሁሉ የከፋው ፔሚካኑ ነበር። ፔሚካን ማለት ቋንጣ ተወቅጦ በስብ የተለወሰ ዓይነት የጉዞ ስንቅ ነው። የዋልታ ተጓዥ ነፍሱን የሚያቆየው በእሱ ነው። የካርሉክ ፔሚካን ግን ጥራቱ ሳይመረመር ተጫነ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ሰው ይሞትበታል።

በኦገስት አጋማሽ ከአላስካ ሰሜናዊ ዳርቻ ብዙም ሳትርቅ ካርሉክ በበረዶ ተያዘች። ለሳምንታት ቆማ ከቆየች በኋላ ነው ስቴፋንሰን ለአደን የወረደው። በአካባቢው ካሪቡ ብዙ እንደሌለ ያውቅ ነበር፤ እንዲያውም ሆን ብሎ ጥሏት ሄዷል የሚሉ አሉ። ሆን ብሎ ነው የሚለውን ለማረጋገጥ ሰው ልብ ውስጥ መግባት ይጠይቃል። አውሎ ነፋሱን እሱ አልጠራውም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስቴፋንሰን ሲወርድ የጉዞው ዓላማ አብሮት ወረደ። መርከቧ ላይ የቀሩት ለምን እዚያ እንዳሉ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከቀሩት 25 ሰዎች አሥራ ሦስቱ መርከበኞች፣ ስድስቱ ሳይንቲስቶች ናቸው። ከእነሱ ሌላ ሃድሊ የሚባል ብዙ ዘመን በአላስካ የኖረ ሰውና ካታክቶቪክ የሚባል ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው የኢኑፒያት፣ ማለትም የሰሜን አላስካ ነባር ሕዝብ፣ አዳኝ አሉ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሙሉ ቤተሰብ አለ፦ አዳኙ ኩራሉክ፣ ሚስቱ ኪሩክ፣ ሄለንና ሙግፒ የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆቻቸው። ትንሿ ሙግፒ ሦስት ዓመቷ ነው። ኒጌራውራክ የምትባል ጥቁር ድመትም ነበረች።

ባርትሌት የወረሰው ቡድን የእሱ ምርጫ አይደለም። ለመርከበኞቹ አዛዥ ነው፤ ለሳይንቲስቶቹ ግን ሹፌር ነው ማለት ይቻላል። በተለይ ሁለቱ፣ ዶክተር አሊስተር ማካይና ጄምስ መሬይ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ከዋልታ አሳሹ ሻክልተን ጋር አንታርክቲካ የነበሩ ናቸው። ማካይ በ1909 የደቡብ መግነጢሳዊ ዋልታ ላይ ከደረሱት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከአንድ የመርከብ ካፒቴን ትእዛዝ መቀበል ይከብደዋል። መርከቧ ላይ ደግሞ የጃኔት ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ ነበር። ጃኔት በዚያው ባሕር በ1879 በበረዶ ተይዛ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ተንሳፋ የተሰበረች የአሜሪካ መርከብ ናት። ከ33 ሰዎቿ 20 አልቀዋል። በጨለማው ክረምት ያን ማንበብ ሆድ ያባባል።

ባርትሌት ንግግር አላበዛም። ያደረገው ነገር ሰዎቹን ሥራ ማስያዝ ነው። መርከቧ ገና ሳትጎዳ የከሰሉን፣ የስንቁንና የቆዳውን ብዙውን ክፍል ወደ በረዶው አወረደ። ካርሉክ ድንገት ብትሰምጥ መጠለያ የሚሆን ቤት ከሳጥንና ከበረዶ አሠራ። ከዚያ ስፌት አስጀመረ።

ስፌቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚያ አገር በመርከበኛ የሱፍ ካፖርት የሚያድር ሰው የለም። የውስጡ ፀጉሩ ወደ ገላ የሚዞር፣ የውጪው ፀጉሩ ወደ ነፋስ የሚዞር የአጋዘን ቆዳ ልብስ ያስፈልጋል። ጫማውም አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ነው። ይህ ሁሉ ቀድሞ ተሰፍቶ መምጣት ሲገባው አልመጣም። መስፋቱን የምታውቀው ኪሩክ ናት። መርከበኞቹ “አክስቴ” እያሉ ነበር የሚጠሯት። ቆዳውን ትቆርጣለች፣ ታለሰልሳለች፣ ትሰፋለች። ፈረንጆቹም አጠገቧ ተቀምጠው መርፌ መያዝ ተማሩ። በዚያ ክረምት ከወጡት ትእዛዞች ሁሉ ብዙ ነፍስ ያተረፈው ይህ ይመስለኛል። ኪሩክ ግን ወሬው ሲነሳ ስሟ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው።

ገናን አከበሩ። የአዲስ ዓመት ዕለት በረዶው ላይ እግር ኳስ ተጫወቱ። አሥር ቀን አልፈጀም።

የሾፓን ሸክላ

ጃንዋሪ 10 ቀን 1914 ከንጋቱ በፊት እንደ ጥይት የሚጮህ ድምፅ ተሰማ። በረዶው የመርከቧን ጎን በሞተሩ ክፍል በኩል ቀድዶት ውሃው እየገባ ነው። ባርትሌት ሁሉም እንዲወርድ አዘዘ። የቀረውን ዕቃ ቀኑንና ሌሊቱን አወረዱ። በረዶው ላይ የተቆለለው ፔሚካን ብቻ ከ4,000 ኪሎ በላይ ነበር። ኪሩክና ልጆቿ ቀድመው ሞቅ ወዳለው ቤት ገብተዋል።

ሁሉም ሲወርድ ባርትሌት ብቻውን ቀረ። ምድጃውን አነደደ፣ ግራሞፎኑን ከፈተ። መርከቧ ላይ ከመቶ በላይ ሸክላ ነበር። አንዱን ያጫውትና ሲያልቅ ወደ ምድጃው ይወረውረዋል፤ ሌላ ያስገባል። በመካከሉ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል። በማግስቱ ጃንዋሪ 11 ከሰዓት በኋላ ውሃው ወለሉን ሲያጥለቀልቀው የሙዚቃ ደራሲውን የሾፓንን የቀብር ማርሽ አስቀመጠ። ወጥቶ የመርከቧ ጠርዝ ከበረዶው ጋር እስኪስተካከል ጠበቀና ተሻገረ። ካርሉክ ባንዲራዋ እንደተሰቀለ ሰመጠች።

ትዕይንት ነው ሊባል ይችላል፤ በከፊልም ነው። ግን እዚያ ቆመው የሚያዩ ሃያ አራት ሰዎች ነበሩ። የሚያዩት ካፒቴን ደግሞ አይሮጥም፣ አይጮህም፣ ሻዩን ይጠጣል። ይህን ማድረግ የቻለው የሚወርደው ዕቃ ቀድሞ ስለወረደ ነው።

ማን ቀድሞ ይሂድ

በረዶው ላይ ሰፈሩ። ቅርብ የሚባለው መሬት ከሳይቤሪያ በስተሰሜን ያለው ራንግል ደሴት ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ባርትሌት ቀን እስኪረዝም መቆየት ፈለገ። እስከዚያ መንገድ የሚጠርግና ስንቅ የሚያስቀምጥ ቡድን አስቀድሞ ሊልክ አሰበ።

ጃንዋሪ 21 ምክትሉን ሳንዲ አንደርሰንን ከሦስት መርከበኞች ጋር ላከ። አንደርሰን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ የአርክቲክ ልምድ የሌለው ልጅ ነው። ማመን የሚባለው ኖርዌጂያዊና ሁለቱ ኢኑፒያት አዳኞች ሸኝተዋቸው በታዘዙት መሠረት ተመለሱ። ሲመለሱ አራቱን ከአንድ ደሴት ፊት ለፊት፣ ውሃ ከፍቶ ካገዳቸው ቦታ ላይ ትተዋቸው ነበር። ደሴቷ ግን ራንግል ሳትሆን ሄራልድ የምትባል ቋጥኝ ናት። አራቱ ልጆች እዚያው ቀሩ። አፅማቸው የተገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1924 ነው።

ባርትሌትን እዚህ ላይ አልምረውም። አካባቢውን የሚያውቁትን አዳኞች ሸኝታችሁ ተመለሱ ብሎ፣ የማያውቁትን ግቡ አለ። ምክንያት ነበረው፤ አዳኞቹ ለብዙሃኑ ያስፈልጋሉ። ግን አራት ሰው የሞተበት ስሌት ነው።

ቀጣዩ መሰንጠቅ ከሳይንቲስቶቹ መጣ። ማካይ፣ መሬይና ፈረንሳዊው አንሪ ቦሻ መጠበቁ ሰለቻቸው። ጋሪ እየጎተትን በራሳችን እንሄዳለን አሉ። ሞሪስ የሚባል መርከበኛም ተቀላቀላቸው። ባርትሌት አልከለከለም። ለሃምሳ ቀን የሚሆን ስንቅ ሰጣቸው፣ ኃላፊነቱ የራሳችን ነው የሚል ወረቀትም ፈርመው ሰጡት። ፌብሩዋሪ 5 ሄዱ። ከቀናት በኋላ መንገድ ላይ ያገኟቸው ባልደረቦች ያዩት ነገር ያሳቅቃል። ቦሻ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ እጅና እግሩ በብርድ ተበልቷል። ሌሎቹ ጋሪውን መጎተት አቅቷቸዋል። ኑ እንመለስ ሲሏቸው እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም። በረዶ ውስጥ የመርከበኛ ስካርፍ ተገኝቷል፤ ያ ብቻ።

ያ የተፈረመ ወረቀት ይገርመኛል። ወረቀቱ ባርትሌትን ከክስ ያድነው ይሆናል። ማካይን ግን ከብርድ አላዳነውም። መሪ “እንግዲህ በራሳችሁ” ብሎ የሚያስፈርም ከሆነ፣ ሰዎቹ ከእሱ የራቁት ከወራት በፊት ነው ማለት ነው። ባርትሌት ለመርከበኞቹ ሥራ አግኝቶላቸዋል። እነዚያን ባለ ዝና ሰዎች ግን ወደ ራሱ የሚያመጣበት መንገድ አላገኘም፤ ወይም አልፈለገም።

የቀሩት 17 ሰዎች ከፌብሩዋሪ 19 ጀምሮ በየተራ ተነሱ። መንገዱ ላይ በረዶ ከበረዶ ጋር ተፋጭቶ የቆመ ግድግዳ ገጠማቸው፤ አንዳንዱ ቦታ 30 ሜትር ይደርሳል። ዙሪያውን መሄድ አይቻልም። በዶማና በመጥረቢያ እየፈለጡ መተላለፊያ ሠሩ፣ ጋሪዎቹን በገመድ እየጎተቱ አሻገሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ለማለፍ ቀናት ፈጀባቸው። ማርች 12 ራንግል ደሴት ደረሱ። ትንሿ ሙግፒም አብራ ደረሰች፤ በአባቷ ጋሪ፣ በእናቷ ጀርባ።

እስከዚያ ድረስ ማንም የተናጠል መንገድ ያልወሰደበት ጉዞ ይህ ብቻ ነው። ማንም ያልሞተበትም ይህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አካሄድ

የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሉም ወደ ሳይቤሪያ እንዲሻገሩ ነበር። ግን ብዙዎቹ እግራቸው በብርድ ተጎድቷል፣ ደክመዋል። በዓለም ላይ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ባርትሌት ማርች 18 ካታክቶቪክን ብቻ ይዞ ወጣ። ሰባት ውሾች፣ ለሰው የ48 ቀን፣ ለውሻ የ30 ቀን ስንቅ ያዙ። ኃላፊነቱን ለዋና ኢንጂነሩ ጆን መንሮ ሰጠው።

ከደሴቱ እስከ ሳይቤሪያ በቀጥታ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረዶው ግን ይሰነጠቃል፣ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱን ስንጥቅ ዙረው ሲያልፉ ሌላ ይከፈታል። ኤፕሪል 4 መሬት ረገጡ። ካታክቶቪክ ከዳርቻው የቹክቺ ሰዎች መንደር ለመግባት ፈርቶ ነበር፤ ይገድሉኛል ብሎ ያምናል። ሰዎቹ ግን ጎትተው ቤት አስገቧቸው። በረዶውን ከልብሳቸው አራገፉላቸው፣ እርጥቡን አውልቀው አደረቁላቸው፣ ሻይና ሥጋ አቀረቡላቸው። ማንነታቸውን የጠየቀ የለም። ከዚያ በኋላ በዳርቻው ሁሉ እንዲሁ ከቤት ቤት እየተቀበሏቸው ነው የሄዱት። በኤፕሪል መጨረሻ የቤሪንግ ወሽመጥ ጫፍ ደረሱ። በ37 ቀን ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል። ከዚያ አንዲት የዓሣ ነባሪ መርከብ ባርትሌትን ወደ አላስካ አሻገረችው። ሜይ 28 ኦታዋ የሚደርስ ቴሌግራም ላከ።

ከስቴፋንሰን አካሄድ የሚለየው ግልጽ ነው። ባርትሌት የሄደው ሰዎቹን መሬት ካስረገጠ በኋላ ነው። የት እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ እስከ መቼ እንደሚጠብቁት ያውቃሉ። የራሱም ሕይወት ከእነሱ ይልቅ አደጋ ላይ ነበር። ግን ምን ትቶ ሄደ? መልሱ ደሴቱ ላይ ነው።

ራንግል

ባርትሌት ለመንሮ የተወው መመሪያ ሰዎቹን በቡድን ከፋፍሎ በተለያየ ቦታ እንዲያሰፍር ነበር። በአንድ በኩል ብልህነት ነው፤ አደኑ አይጣበብም፣ ጠቡም ይቀንሳል። ግን ኩራሉክና ሃድሊ ካልሆኑ የሚያድን ሰው የለም። ጥይቱም የተቆጠረ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ሲከፋፈል አዳኝ የሌለበት ድንኳን ይፈጠራል። ተፈጠረም።

መንሮ ሹመት ነበረው፤ ተሰሚነት ግን አልነበረውም። ሞተር የሚመራ ሰው ነው። ሳይንቲስቶቹ የመርከቡ ሰዎች አዛዥ አድርገው ነው የሚያዩት። መርከበኞቹ ደግሞ ባርትሌት ሲሄድ የሚፈሩት ሰው አጡ። ማኪንሌይ የሚባለው የግላስጎ ልጅ፣ መርከቧ ላይ ከቀሩት ሳይንቲስቶች ሁሉ ወደ አገሩ የተመለሰው እሱ ብቻ ነው፣ ሁሉም የየራሱን ሆድ ማሰብ እንደጀመረ በምሬት ጽፏል።

ከዚያ በሽታው መጣ። እግር ያብጣል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሰው ድንገት ይወድቃል። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቁም። ፔሚካኑ ነበር። ስቡ አነስተኛ፣ ሥጋው የበዛ ነው። ሰውነት ስብና እህል ሳያገኝ በሥጋ ብቻ ሲኖር ኩላሊት ይጨነቃል። ጂኦሎጂስቱ ጆርጅ ማሎክ በሜይ አጋማሽ ሞተ፤ ማመን ከቀናት በኋላ ተከተለው። ሁለቱም የነበሩት በደሴቱ ደቡብ፣ አዳኝ በሌለበት ድንኳን ነው። አብሯቸው የነበረው ወጥ ቤቱ ቴምፕልማን ብቻውን ቀረ፤ ቆይቶ መንሮና መርከበኛው ሞረር ደረሱለት።

የሌሎቹ ሰፈር ኬፕ ዋሪንግ በሚባለው በኩል ነው። እዚያ ገደል ላይ የባሕር ወፎች ስለሚጎጁ እንቁላልና የወፍ ሥጋ አለ። አዳኞቹም እዚያ ናቸው። በምግብ ከሌላው ሰፈር ይሻላል፤ ጠቡ ግን ከምግቡ ይበልጣል። እገሌ እንቁላል ደበቀ፣ የእነ እገሌ ድንኳን ወፍ ሰረቀ ይባባላሉ። ሆድና ጀርባ ሆኑ። ዊልያምስ የሚባለው መርከበኛ የእግሩ ጣት በብርድ ሞቶ ስለነበር ሁለተኛው ኢንጂነር ዊልያምሰን በቆርቆሮ መቁረጫ መቀስ ቆርጦለታል። ማደንዘዣ የለም። በጁን 25 ብሬዲ የሚባለው የምድጃ ሠራተኛ በድንኳኑ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ራሱን ነው? አደጋ ነው? ሃድሊ ዊልያምሰንን ጠረጠረ፤ ዊልያምሰን ካደ። እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሥራቸውን ሳያቋርጡ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ኩራሉክ ያድናል። ማዕበል ካወጣው እንጨትና ከአቆስጣ ቆዳ ካያክ የሚባል ትንሽ ጀልባ ሠርቶ ውሃ ላይ መውጣት ጀመረ። ኪሩክ ትሰፋለች፣ የተቀደደውን ታድሳለች። ልጆቹ አልታመሙም፤ ድመቷም አለች። መሪ ማን ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ከማርች በኋላ ደሴቱን ያቆመው ይህ ቤተሰብ ነው እላለሁ። ማዕረግ አልነበራቸውም፤ መንሮን የሚተካ ሲፈለግም ማንም አላሰባቸውም። ባርትሌት ከኢኑፒያቶቹ አንዱን፣ ካታክቶቪክን፣ ይዞ ሲሄድ ዋጋቸውን ማወቁን አሳይቷል። የቀሩትን ግን በሌላ ሰው ሥር አስቀምጧቸው ሄደ።

መርከብ ይመጣል የተባለበት የጁላይ አጋማሽ አለፈ፣ ኦገስት አለቀ። በረዶ መውረድ ጀመረ።

መርከብ

በአላስካ በኩል ባርትሌት ያብዳል። የተመደበችለት ቤር የምትባል የአሜሪካ መንግሥት መርከብ ሌላም ሥራ ነበረባት። በኦገስት መጨረሻ ወደ ደሴቱ ተጠግታ በረዶ አገዳት፤ ከሰል ለመጫን ተመለሰች። በመካከሉ ኪንግ ኤንድ ዊንጅ የምትባል ትንሽ መርከብ ወደዚያው ልትሄድ ተነሳች። ተሳፋሪዋ በርት ማኮኔል ነው፤ ከዓመት በፊት ከስቴፋንሰን ጋር ለአደን ከወረዱት አንዱ።

ሴፕቴምበር 7 ቀን 1914 ደረሰች። መጀመሪያ መንሮን፣ ሞረርንና ቴምፕልማንን አነሳች። ከዚያ ወደ ኬፕ ዋሪንግ ዞራ ዘጠኙን ወሰደች። በማግስቱ ቤር ባሕር ላይ አገኘቻት። ባርትሌት በቤር ላይ ነበር። ከኢኑፒያቶቹ አምስቱም ተርፈዋል፤ ከስድስቱ ሳይንቲስቶች አንዱ ብቻ።

ሕዝቡ ባርትሌትን እንደ ጀግና ተቀበለው፤ የእንግሊዝ የጂኦግራፊ ማኅበርም ሸለመው። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ግን ሁለት ነገር ነቀፈበት፦ መርከቧን በረዶ ውስጥ ማስገባቱን፣ የማካይን ቡድን መልቀቁን። በመጀመሪያው አልስማማም፤ የመርከቧ ምርጫም መንገዱም የስቴፋንሰን ነበር። በሁለተኛው ግን ከኮሚሽኑ ጋር ነኝ። ኮሚሽኑ ያላነሳው ሌላ ነገርም ነበረ፤ የአንደርሰን ቡድንና ደሴቱ ላይ የተተወው ሹመት።

ስቴፋንሰን በበኩሉ ጉዞውን ቀጠለ። ካርታ ላይ ያልነበሩ ደሴቶች አግኝቶ በ1918 ተመለሰ፤ ተከበረም። ለካርሉክ ሞት እጄ አለበት አላለም። በ1921 ደግሞ ራንግልን ለመያዝ አራት ወጣቶችና ኤዳ ብላክጃክ የምትባል የኢኑፒያት ልብስ ሰፊ ላከ። ከአራቱ አንዱ ያ ከደሴቱ የተረፈው ፍሬድ ሞረር ነበር። እንደ ኢኑፒያት የሚያድን ሰው አብሯቸው አልሄደም። ምግቡ ሲያልቅ ሞረርና ሁለት ጓደኞቹ በጃንዋሪ 1923 ባርትሌት በሄደበት በኩል ወደ ሳይቤሪያ ወጡ፤ ዱካቸው አልተገኘም። አራተኛው ታሞ እዚያው ሞተ። ኤዳ ቀበሮ ማጥመድና ጠመንጃ መተኮስ ራሷን አስተምራ እስከ ኦገስት ብቻዋን ቆየች። ሊያመጣት የመጣው መርከብ ሲደርስ ስትሰፋ የኖረችውን የአጋዘን ቆዳ ልብስ ለብሳ ነበር።